ተቀምጦ እስክስታ

የልብ ሐኪሙ የሚከለከለውን ሁሉ ሲዘረዝርልኝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ «አትቆጣ» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ከልቤ የሠራሁት ሥራ ቢኖር መቆጣት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሳጥን የተሸከምኩት ለደመወዝ ነው፤ የተቆጣሁት ግን በነፃ ነው፣ በትርፍ ሰዓትም ጭምር። ሳቄን ሲያይ ሐኪሙ መድኃኒቱ አናቴ ላይ የወጣ መሰለውና ማሽኑን ዘወር ብሎ አየ።

ደረቴን የያዘኝ ደረጃ ላይ ነበር። ሽኩና ጊሜል የሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃችን አሳንሰር የለውም፤ ሐብሐብ ተሸክሜ ስወጣ የሆነ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ሐብሐቡ ከእጄ አምልጦ እስከ ታች ድረስ ደረጃ በደረጃ እየነጠረ ወረደ፣ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ሆስፒታል ወስደው በእጄ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን ከፈቱልኝ፣ ትንሽ የብረት ቱቦም ውስጤ ትተው ወጡ። ያ ሁሉ አልከፋኝም። የከፋኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

«ልጄን ልድር ነው» አልኩት ሐኪሙን።

«ደስ ይላል። ትሄዳለህ።»

«መጨፈርስ?»

ሕፃን ልጅ ቢላዋ ሲጠይቅ እንደሚታየው አየኝ። «ታጨበጭባለህ» አለኝ።

ማጨብጨብ። ልጁን የሚድር አባት የሚያጨበጭበው ምን ሆኖ ነው? ለተከፈለው ሰው ነው እንጂ ለልጅ ይጨበጨባል? ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ቆጵሮስ ሄዶ አግብቶ ፎቶውን በስልክ ላከልን፤ እናቱ አለቀሰች፣ እኔ ስልኩን ደበቅሁት። ሁለተኛዋ የተዳረችው በኮሮና ጊዜ ነው፤ በሰው ጓሮ፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እርስ በርሳችን ርቀን ቆመን። ሠርግ ሳይሆን የአውቶቡስ ሰልፍ ነበር የሚመስለው። የቀረችኝ የመጨረሻዋ ናት። ለሷም ሳልጨፍር ከቀረሁ ትከሻዬ ሥራ ፈቶ ከኔ ጋር ይቀበራል።

ልኩራ ብዬ አይደለም፤ ኮርቼም ከሆነ ልኩራ። ጎንደር ሳለን የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ እየተጠራሁ እስክስታ እወርድ ነበር። ያን ጊዜ ማንበብም መጻፍም አልችልም፤ ትከሻዬ ግን ይናገር ነበር። እዚህ አገር ስመጣ ሁሉም ሰው የማልችለውን ነገር እየቆጠረ ነገረኝ። የምችለውን የጠየቀኝ የለም። ለዚህ ነው ያለችኝን አንዲት ነገር በቀላሉ የማልለቅላቸው።

«አባ፣ ሌላ ሐኪም እንይ» አለችኝ ልጄ። ያለችኝ በዕብራይስጥ ነው። እኔ በአማርኛ እናገራታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ እንግባባለን፣ በተለይ ስንጣላ።

እዚያው ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ሁለት መስመር ተጽፏል። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሑፍ ካየሁ ሳልጨርስ አልገባም፤ ከኋላዬ ሰው ቢገፋኝም አልገባም። የመጀመሪያው መስመር የውስጥ ደዌ ሐኪም ይላል። ሁለተኛው የስፖርት ሕክምና ይላል። አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ሐኪሞች መሰሉኝ።

«የቱ ነው የኛ?»

«አንድ ሰው ነው፣ አባ።»

«አንዱ አልሆንለት ብሎ ነው?»

ገብቼ ሳየው ልጁን አወቅሁት። ከኛ ፎቅ በታች ያደገ ልጅ ነው፤ በኳስ የሰበረው መስኮት ብዛት ለአንድ መስታወት ቤት እንጀራ ይሆን ነበር። ኋላ ትምህርት ያዘውና እዚሁ ከተማ ሕክምና ገባ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሊሆን ነው ሲባል እናቱ ሰፈሩን በሙሉ አዳረሰችው፤ ቤት ለቤት ዞራ ነግራ ለኛ ሁለት ጊዜ ነገረችን። ይህን ጨርሶ ደግሞ «ለስፖርት ሕክምና ተጨማሪ ልማር ነው» ሲላት በሯን ዘጋች። «ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ወጌሻ ሊሆን ነው» ብላ ለሚስቴ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲጠይቃት ግማሹን ብቻ ነው የምትናገረው።

እሱ ግን ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ጠዋት እዚህ ተቀምጦ የሽማግሌ ሆድ ሲነካ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ሲያስተካክል ይውላል። ከሰዓት ቦርሳውን አንጠልጥሎ እግር ኳስ ሜዳ ይሄድና የወጣቶቹን ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያያል። የሆስፒታል ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ዕውቀቱን ያባክናል ይሉታል። የሜዳዎቹ ደግሞ ጉንፋን የያዘውን አጥቂ ሁሉ «ልቡን ሳላይ አይጫወትም» እያለ አስቸገረን ይላሉ። ሁለት ቦታ የሚታማ ሰው ነውና ወዲያው ወደድኩት።

«ለምን ሁለት?» አልኩት።

«አባቴን ያውቁት ነበር፣ አባባ» አለኝ። አማርኛው የእናቱ ነው፤ ሲቸኩል ዕብራይስጥ ይገባበታል። «በእግሩ ሱዳን ድረስ የሄደ ሰው ነው። እዚህ መጣና ፋብሪካ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ስኳር ያዘው። ሆስፒታል ስሠራ ሰውን የማገኘው ተኝቶ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ሲሮጥ ነው የማገኘው። መሃል ላይ የት ቦታ እንደሚቀመጥ ማየት ፈለግሁ።»

«ጥሩ ንግግር ነው» አልኩት። «ተለማምደኸዋል።»

«ብዙ ሰው ጠይቆኛል» አለና ሳቀ። «እርስዎ ምን ስፖርት ይሠራሉ?»

«ምንም።»

«ምን መሥራት ይፈልጋሉ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት። «እስክስታ።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁት፣ ልቆጣም ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ ልብን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከፈተ። ወደ ታች እየወረደ ፈለገ። ዋልስ የሚሉት የፈረንጅ ጭፈራ አለ። ታንጎ አለ። ሣር ማጨድ አለ፣ መስኮት መወልወል አለ። እኛ የለንም።

«እንደ ሁልጊዜው» አልኩ።

«እንግዲያው እኛው እንለካዋለና» አለኝ። ከምሩ ነበር። ዓይኑ ውስጥ ያ መስኮት ሰባሪ ልጅ ብቅ ሲል አየሁት። ሠርጉ ላይ እንድጨፍር የሚፈቅድልኝ ተለክቼ ካለፍኩ ብቻ እንደሆነ፣ ካላለፍኩ ግን እንደ ልብ ሐኪሙ «ያጨብጭቡ» እንደሚለኝ አስጠንቅቆ ላከኝ።

በቀጠሮዬ ቀን የወሰደኝ የሚስቴ ወንድም ነው፤ መኪና ያለው እሱ ነው፣ በየቀኑም ይነግረናል። ይህን ሰውዬ ማወቅ አለባችሁ። ሠርግ ላይ ሁሉ እኔ መድረክ ስይዝ ፊት ለፊቴ መጥቶ የሚደነቀር ሰው ነው። ትከሻው እንደ አሮጌ በር ነው፤ ይንቀሳቀሳል ግን ሲጥ ሲጥ ይላል። አፉ ግን አይደክምም። እኔና እሱ ከጎንደር ጀምሮ ስንፎካከር ነው የኖርነው፤ ሚስቴን የሰጠኝም ሊያሸንፈኝ አስቦ ይመስለኛል።

እሱን ኮሪደር ላይ ትቼው ገባሁ። ነርሷ ከሩሲያ የመጣች ረጅም ሴት ናት፤ ምንም አያስደንቃትም። የደረቴን ፀጉር ላጨችው፣ ቀዝቃዛ ነገር ለጣጠፈችብኝ፣ በየልጥፉ ላይ ሽቦ ሰካችበት። መጀመሪያ የመሮጫው ማሽን ላይ አራመዱኝ፤ ደህና ተራመድኩ። ከዚያ ዶክተሩ ስልኩን አውጥቶ የጎንደር ዘፈን ከፈተ።

«ይቀጥሉ።»

«ከማን ጋር?»

«እንዴት ከማን ጋር? ብቻዎን።»

ይኼ ነው እንግዲህ፤ ዶክተር ሆነህ እዚህ ብታድግ የማታውቀው ነገር። እስክስታ የሚወርድ ሰው ፊት ለፊቱ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያነሳል። ለብቻው ቆሞ ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ ሰው ወይ ጉንዳን ገብቶበታል ወይ ዘመድ ሊፈለግለት ይገባል። ይህን አስረዳሁት።

«እኔ ልቁም?» አለኝ።

«አንተ?» የራሱ ሠርግ ላይ ሲጨፍር አይቼዋለሁ፤ እርጥብ ሹራብ ሊያወልቅ የሚታገል ነው የሚመስለው። «አንተ ዶክተርነትህን ሥራ። ኮሪደር ላይ ያለውን ጥራው።»

የሚስቴ ወንድም ገባ። በሩ ላይ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ራቁት ደረት፣ የተላጨ፣ ሽቦ በሽቦ።

«ሸለቱህ?» አለ። «ለስንት ሊሸጡህ ነው?»

«ፊቴ ቁምና ጨፍር ብለውሃል።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«በሽተኛ አላሸንፍም፤ ነውር ነው።»

ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። ዘፈኑ እየሄደ ነበርና ጀመርኩ። አንዴ ትከሻዬን ስጥልበት እሱም ጃኬቱን አውልቆ ለነርሷ አስያዛት። ጣልኩበት፣ መለሰልኝ፣ ደረቴን ሳርገበግበው ልጥፎቹ ቲክ ቲክ እያሉ መነሳት ጀመሩ። ያን ጊዜ ማሽኑ ጮኸ። መስታወቱ ላይ የነበረው መስመር የታረሰ መሬት መሰለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እርስ በርሱ ተያይዞ። ምንም የማያስደንቃት ነርስ በሩሲያኛ የሆነ ነገር ብላ ቀዩን ቁልፍ መታችው፣ ከመቅጽበት በሩ ተከፍቶ ከጎረቤት ክፍሎች ሁለት ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች አንዱ አልጋ እየገፋ ሌላው ሣጥን ይዞ ገቡ። ያዩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ራቁቱን፣ ፊት ለፊት ቆመው እየተንቀጠቀጡ። የቱን አልጋው ላይ እንደሚያስተኙት ግራ ገባቸው።

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል። መናገር አልቻለም፤ በእጁ ብቻ ውጡ ውጡ አላቸው።

«ልቤ ነው?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር።

«አይደለም አባባ። ትከሻዎ ነው። ማሽኑ ጡንቻውንም ልብዎንም አብሮ ይሰማል። እስክስታ አይቶ አያውቅም።» እንባውን ጠረገና ሽቦዎቹን ነቀለልኝ። «እንደ ጥንቱ እናድርገው።» የእጄን አንጓ በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተከለ። «ይጀምሩ።»

በዚህ መንገድ ያን ጠዋት ሙሉ ጨፈርን ብል ይቀለኛል። ቆሜ ከሚስቴ ወንድም ጋር፤ ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ፣ የልብ ምቱ በዛ አለ። አሳረፈኝ። ቆሜ ከነርሷ ጋር፤ እሷ እያጨበጨበች፣ እንደ ፖሊስ ቀጥ ብላ፤ ከልክ ትንሽ አለፈ። ተቀምጬ ከነርሷ ጋር፤ ጥሩ። ተቀምጬ ከሚስቴ ወንድም ጋር፤ ገና ትከሻዬን ሳልነካው የልቤ ምት ሽቅብ ወጣ።

«ምንም አላደረግሁም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። እሱ ስለ ገባ ነው።»

«ሕመሜ እሱ ነው?»

«ግማሹ» አለኝ፣ ኮስተር ብሎ።

የሚስቴ ወንድም ጃኬቱን ከነርሷ ተቀበለ። «ይህን ልስማ ብዬ ነው ከሥራ የቀረሁት?» አለ። ግን ደስ ብሎት ነበር። ኮሪደር ላይ ለማያውቀው ሰው ሁሉ «ልቡ እኔን አይችልም፣ ሐኪም አረጋግጧል» እያለ ወጣ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፤ ሠርጉ ላይ ተቀምጬ እጨፍራለሁ፣ አንድ ዘፈን፣ የሚስቴ ወንድም ፊቴ አይቆምም። በሦስቱ ካልተስማማሁ ማጨብጨብ ነው።

ተቆጣሁ። ተቀምጦ እስክስታ ምን ይባላል? እግሩ የደከመ አሮጊት የሚያደርገው ነገር ነው። ሰው ምን ይለኛል? «ሰውዬው ወንበር ላይ ቀረ» ነው የሚለኝ። ዶክተሩ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀና «ስፖርተኛ ሲጎዳ ምን እንደምለው ያውቃሉ?» አለኝ። «ያለህን ይዘህ ግባ።» ከዚያ በየሳምንቱ ከሰዓት ሜዳው ድረስ እንድመጣ አዘዘኝ።

ሄድኩ። በቀስታ ሜዳውን ያዞረኛል፣ ከዚያ የተጠባባቂዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ትከሻዬን እሠራለሁ። መጀመሪያ ትንፋሼ ያጥር ነበር፤ እየቆየ ረዘመ። አንድ ቀን ተጫዋቾቹ ከበው አዩኝና ሊሞክሩት ተነሱ። ኳስ አንገታቸው ላይ የሚያቆሙ ጎረምሶች ናቸው፤ ትከሻቸው ግን የተቸነከረ ነው። ከወገባቸው በታች ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ከላይ ምንም የለም። በረኛው አንገቱን አዙሮ «ዶክተር፣ የሆነ ነገር ጠቅ አለኝ» ሲል ሳቄ አስለቀሰኝ። ዶክተሩ ግን ልብ ብሎ አየውና ከዚያ ወዲህ ማሟሟቂያቸው ውስጥ አስገብቶታል። አሁን ወደዚያ ሜዳ ብትሄዱ ከጨዋታ በፊት ጎረምሶቹ ተሰልፈው እስክስታ ሊወርዱ ሲታገሉ ታያላችሁ። ያስቃል። ግን እየተሻሻሉ ነው።

ሠርጉ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አዳራሽ ነበር። የሙሽራው ቤተሰቦች ዖሜር የሚባል የባለጠጎች መንደር የሚኖሩ ናቸው፤ ግቢ ያላቸው፣ ሣር ያላቸው፣ ውሻቸው ከኔ የተሻለ ፍራሽ ላይ የሚተኛ። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠባብ ሱሪ ለብሶ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነው፣ ባቱ እንደ ድንጋይ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም፤ ብፈልግም አልቻልኩም።

ሚስቴ ወንበሬን ከጭፈራው ቦታ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ተቀመጥኩ። ዶክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጎኔ ቆመ። ዘፋኙ የኛ ሰው ነው፤ ኦርጋኑን የጎንደር ምት ሲያስይዘው ዶክተሩ የእጄን አንጓ ያዘ። ሰው እጅ ለእጅ የተያያዝን መሰለውና እልል ተባለልን። አንድ እጄ ታስሮ በቀረው ትከሻዬ ጀመርኩ። ሰው ሲሰበሰብ ታወቀኝ። የፈራሁትን የሚል አልነበረም፤ አንዲት ሴትዮ «እዩት፣ ወንበሩ ራሱ ይጨፍራል» አለች።

ያን ጊዜ የሚስቴ ወንድም ክቡን ሰንጥቆ መጣ። ጃኬቱን አውልቋል። ዶክተሩ አንጓዬን ሳይለቅ መሃላችን ገባና ፊቱን ወደሱ አዞረ፤ ሊያግደው ብሎ መጨፈር ጀመረ። እርጥቡ ሹራብ። የሚስቴ ወንድም አንዴ አየው፣ ሁለቴ አየው፣ ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በሳቅ። መቆም አልቻለም፣ ደግፈው ወሰዱት።

ዘፈኑ ሳያልቅ የሙሽራው ጓደኞች በዚህ አገር ሠርግ ሁሉ የሚደረገውን አደረጉ። ልጄንና ባሏን በየወንበራቸው ወደ ላይ አነሷቸው። ቀጥለው የሙሽራውን አባት አነሱት፤ እዚያ ላይ ሆኖ ፔዳል እንደሚረግጥ እግሩን ያወራጫል። ከዚያ የሙሽሪት አባት የታለ ተባለ። ሌላው ሰው ወንበር ይፈለግለታል፤ እኔ ተቀምጬ አገኙኝ። አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ነጠቁኝ።

አዳራሹ ከሥሬ ወደቀ። እጄ ከዶክተሩ ጣት ተመዞ ወጣ። መብራቱ አናቴ ላይ፣ ሰው እግሬ ሥር፣ ወንበሩ እንደ በቅሎ ግራ ቀኝ ይላል። የዚያኔ ልቤ እውነቱን ልናገር ደለቀ፤ ከጭፈራ ሳይሆን ከፍርሃት። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ታች ሳይ ዶክተሩ ሰው እየገፋ፣ ክራባቱ ጆሮው ላይ ወጥቶ ከሥሬ ይሮጣል። እግሬን ያዘ። ጫማዬን አውልቆ ወረወረው፣ ካልሲዬን አወረደ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አጥንት ኋላ ሁለት ጣቱን ተከለ። ወጣቶቹ ያዞሩኛል፣ እሱ እግሬን እንደያዘ አብሮ ይዞራል።

«አባባ፣ ተቀምጠው ብያለሁ እኮ» አለኝ ከታች።

«ተቀምጬ ነው» አልኩት።

ፊቱን ጨምድዶ በጣቱ አዳመጠ፤ በጫጫታ መሃል ስልክ የሚያወራ ሰው መሰለ። አንድ ዙር እንደዚያው ዞርን። ልቤም ከፍታውን እየለመደው መጣ። ከዚያ ግንባሩ ተፈታና ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀልኝ፤ ይቻላል ማለቱ ነው።

የወንበሩን ጠርዝ ለቀቅሁ። ትከሻዬን ጣልኩት።

ፊት ለፊቴ፣ በሰው ራስ ላይ፣ ልጄ በነጭ ልብሷ ወንበሯ ላይ ነበረች። አንድ እጇ ከባሏ ጋር የሚያያይዛትን መሐረብ ጫፍ ይዟል። አየችኝ። ቤት ውስጥ እስክስታ ስትወርድ አይቻት አላውቅም፤ ወጣቶቹ የሚጨፍሩትን ነው የምታውቀው ብዬ ትቻት ነበር። መሐረቡን ለቀቀችው። ቀኝ ትከሻዋን ጣለችልኝ፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አንቀጥቅጣ መለሰችልኝ፤ ልክ በምቱ ላይ፣ የእናቷ እንኳን እንደዚያ አይደለም። ከየት እንዳመጣችው ዛሬም አልነገረችኝም። እኔ ስጥል እሷ ታነሳለች፣ እሷ ስትጥል እኔ አነሳለሁ፤ ከታች ያሉት ስምንት ጎረምሶች እኛን ለማቀራረብ ሲጋፉ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ።

«አንድ ዘፈን ብቻ» አለኝ ዶክተሩ፣ እግሬን እንደያዘ።

«እሺ» አልኩት።

ዘፋኙ ግን ቀና ብሎ አየንና ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።